በጀልባውና በበረዶው መካከል

መስከረም 12

ዛሬ ባትሪውን ከቤት አስወጣነው። አስወጣነው ማለቴ፣ እኔ ጎተትኩ፣ ሾፌሩ በሩን ይዞ ቆመ። ሾፌሩ የምለው ባሌን ነው። ዕድሜውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ጡረታ ወጣ ተብሎ ስሙ አይቀየርም። እሱም እኔን፣ ጠመኔ ከጨበጥኩ ስንት ዘመን ሆኖኝ፣ እስከ ዛሬ "ቲቸር" ነው የሚለኝ።

ባትሪው መጠኑ የሻንጣ ያህል ነው፤ ክብደቱ ግን ጉድ ነው። ጣሪያው ላይ ያሉት ሶላሮች ቀን የሰበሰቡትን እሱ ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ሲመሽ እኛ እናወጣዋለን። ሌላ መብራት የለም፤ ምሰሶም ሽቦም እዚህ በረዶ አገር፣ ሐይቅ ዳር ያለ ጫካ ድረስ አልደረሰም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ድምፁ ነው፤ ጆሮዬ ሥር እዝዝ ሲል ያድራል። ደግሞ የአንድ የድሮ ጎረቤታችን ቤት በባትሪ እሳት መጋየቱን ከሰማሁ ወዲህ ባየሁት ቁጥር እሳት ይታየኛል። የሾፌሩ የኦክስጅን ማሽንም ይጮኻል፤ እሱን ግን ለምጄዋለሁ፤ የዚያኛው ድምፅ የሚያስፈራው ሲቆም ነው። ስለዚህ ባትሪውን ከቤቱ ጋር የተያያዘው፣ ማገዶ የሚከማችበት እንጨት ቤት ውስጥ አስገብቼ ገመዱን በግድግዳው ቀዳዳ አሳለፍኩት። የቤቱ ባለቤት ጎራዳው፣ ቁልፉን ሲያስረክበን "ባትሪዋን ብርድ እንዳይመታት፣ አደራ" ብሎ ነበር። ስለ አራስ ልጅ የሚያወራ ነበር የሚመስለው፤ ስቄ ሞትኩ። ጎራዳው እንደሆነ ቁም ነገርና ቀልድ ለይቶ አያውቅም። ከሾፌሩ ጋር አንድ አውቶቡስ እየተፈራረቁ ነድተው ነው ያረጁት፤ ቤቱንም ያዋሰን ለዚሁ ወዳጅነት ሲል ነው።

ሾፌሩ በሩን እንደያዘ "ብርዱ ሲመጣ ይሄ ነገር…" አለ።

"ብርዱ ሲመጣ እንመልሰዋለን" ብዬ ጨረስኩለት።

ትንፋሹን እንዳያባክን ንግግሩን የምጨርስለት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ራሱ "ብዙ አታናግሪው" ብሎኛል። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ ምን ሊል እንደሆነ ባላውቅ ነበር የሚገርመው።


መስከረም 14

ስልክ የሚሠራው ከቤቱ ጀርባ ያለው ትልቁ አለት ላይ ብቻ ነው። ሾፌሩ እዚያ መውጣት አይሞክረውም። ስለዚህ የሱንም ሰላምታ ተሸክሜ የምወጣው፣ ለሱ የተላከውንም ተሸክሜ የምወርደው እኔ ነኝ።

ልጃችን ዛሬ ስልኩን ያነሳችው እየሳቀች ነው። "እማዬ፣ ቦታ ተገኘ!" የአረጋውያን ማረፊያው ማለቷ ነው። ኦክስጅኑ ከግድግዳ ይመጣል፣ ሌሊትም ነርስ አለች፣ መስኮቱ አትክልቱን ያያል። ዘርዝራ ዘርዝራ አልጨርስ አለች።

"ለሁለታችን ነው?" አልኳት።

"ለታማሚ ብቻ ነው እማዬ። አንቺማ እኔ ጋ ነሽ። የሳሎኑ ሶፋ እኮ ይዘረጋል። እሱን ደግሞ ረቡዕ ረቡዕና እሁድ እሁድ እየሄድሽ ታዪዋለሽ።"

ረቡዕና እሁድ። በጋራ ግቢ ስንኖር የልብስ ማጠቢያ ተራችንም እንዲሁ ነበር።

የኪራይ ቤታችንን ደረጃው ትንፋሹን ስለጨረሰበት ለቀነዋል። እዚህ የመጣነውም ለንጹሕ አየር ነው፤ ቅጠል እስኪረግፍ ተብሎ ነው። ይህ ሁሉ ተነግሮኛል፣ ደንቆሮ አይደለሁም። ግን ደረቱ ተሽሎታል። ያየው ሁሉ ይመሰክራል፤ የሚያየው ሰው ባይኖርም።

"አባትሽ እዚህ በጣም ተመችቶታል። ትንሽ እንቆይ እያለ ነው" አልኳት። ውሸት አይደለም። በመጣን ሰሞን ሐይቁን እያየ "ደስ ይላል" ብሏል።

ስወርድ "ምን አለች?" አለኝ። "ሰላም ብላሃለች" አልኩት። ሌላውን ረጋ ብለን እናወራዋለን።


መስከረም 21

ከማዶ ዕቃና ሰው የሚያመላልሰው ጀልበኛ ዱቄት፣ ሩዝና ሻማ ይዞ መጣ። ሾፌሩ ትንሿን የኦክስጅን ሲሊንደር በትከሻው አንግቶ እስከ ጀልባ መቆሚያው በእግሩ ወረደ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ይኸው፣ የማረፊያ ቤት ሰው እንዲህ ይራመዳል?

"ፋዘር፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ" አለ ጀልበኛው፣ ጆንያውን እያወረደ። "እኔ የምመላለሰው የሐይቁ ጠርዝ መርጋት እስኪጀምር ነው። ከዚያ በኋላ በረዶው ለጀልባ ይወፍራል፣ በላዩ ለሚሄደው የበረዶ ሞተር ይሳሳል። የበረዶ ሞተር እስኪሸከም ድረስ ያሉት ሳምንታት የማንም አይደሉም። በነዚያ ሳምንታት እዚህ ታሞ መገኘት ጥሩ አይደለም።"

"የመጨረሻህ መቼ…" አለ ሾፌሩ።

"የመጨረሻህ መቼ እንደሆነ ቀደም ብለህ ንገረን፣ ዕቃ እናስመጣለን" አልኩት።

ሾፌሩ አፉን እንደከፈተ ነበር። ዘጋው። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ስለሚመጣ አፍ መክፈት ለሱ ጥሩ አይደለም።

ጀልበኛው ሲሄድ፣ ዕቃ የሚጭንለትን ሰውዬ "ሽማግሌው ፊቱ ደስ አላለኝም" ሲለው ሰማሁ። ሐኪም አደረገው ማን? ዓሣ ጭኖ የሚኖር ሰው!


መስከረም 28

እንጨት። ውሃ። እንጨት። ወገቤ።

ምድጃው ጭሱን መልሶ ቤት ውስጥ ለቀቀው። ሾፌሩን ሳል አጣደፈው። በርና መስኮት በረጋግጄ የጠዋቱን ሙቀት በሙሉ አባረርኩት። እርጥብ እንጨት ከደረቅ መለየት ያቅተኛል? ሞኝ ሴት። ቀኑን ሙሉ ራሴን ስረግም ዋልኩ፤ የገደልኩት ያህል ነው የተሰማኝ። አመሻሹ ላይ እጄን ይዞ "ተይው ቲቸር" አለኝ። ስለ ጭሱ ነው።


ጥቅምት 2

ሾፌሩ መላጫውን፣ ሹራቡንና የቤት ጫማውን ቦርሳ ውስጥ ከቶ በሩ ሥር አስቀምጧል። ሥራ የፈታ ወንድ ዕቃ መነካካት ይወዳል። አውጥቼ መደርደሪያው ላይ መለስኩለት።

ከሰዓት በኋላ ሳይ ቦርሳው በሩ ሥር ነው። ሞልቷል።

"አንተ ሰውዬ፣ ወዴት ልትነዳ ነው?" ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረበትና ሁለታችንም ተውነው።

ልጄ ደውይ ብላኝ አለቱ ላይ ወጥቼ ነበር። ማረፊያው ክፍሉን ብዙ አይጠብቅም አሉ። "አባዬን አሳምኚው እንጂ" ትላለች። እሺ አልኳት። ሰውን ባልፈለገው ነገር ማስገደድ ግን ልማዴ አይደለም።


ጥቅምት 6

የሐይቁ ጠርዝ ላይ እንደ መስታወት የሳሳ በረዶ ጋግሮ አድሯል። ጀልበኛው በመቅዘፊያው እየሰበረ ደረሰ። ገና ሳይወርድ "ማዘር፣ የዛሬዋ የመጨረሻዬ ናት" አለ።

ሾፌሩ ካፖርቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ሲሊንደሩን አንግቶ ከፊቴ ወርዶ ነበር። ብርድ ስለሆነ ነው የለበሰው። ቦርሳው እጁ ላይ ነው። ከባድ ነገር መያዝ ስለማይፈቀድለት ተቀብዬ መሬት አስቀመጥኩለት።

"እሺ ፋዘር፣ ምን ወሰናችሁ? እንሂድ?"

"እኔማ…" አለና አየር ሊስብ ቆመ። እንደሱ ሲቆም ደረቱ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር አለ። ያ ድምፅ አንጀቴን ይበላዋል፤ እስኪጨርስ መጠበቅ አልችልም፣ ችዬም አላውቅም።

"እኔማ ደህና ነኝ ነው የሚለው" አልኩ። "እንቆያለን። እንጨት አለ፣ ምግብ አለ፣ ሶላሩም ያለ ሐሳብ ይሠራል። ሐይቁ ሲጠና በሞተር ትወስደናለህ።"

ጀልበኛው እኔን ትቶ ወደሱ ዞረ። "ፋዘር?"

ሾፌሩ እኔን አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ እጁን ወደ ላይ አነሳና ጠባብ መንገድ ላይ ከፊቱ ለመጣ መኪና ቅድሚያ ሲሰጥ እንደሚያደርገው "እለፍ" ብሎ ምልክት ሰጠው። ጀልባዋ ዞረች። የሞተሯ ድምፅ እስኪጠፋ እዚያው ቆመ። ና ግባ ብለው አይሰማም።

እንግዲህ ማን ከለከለው? አፍ የለውም? ልጅ አይደል፣ እጁን ይዤ አላስቀረሁት። ጀልባዋ ላይ አንድ እግሩን ቢያነሳ ኖሮ እኔም ቦርሳዬን አንስቼ እከተለው ነበር። እከተለው ነበር።

ማታ ሾርባውን ግማሽ ላይ ተወው። "ተቆጣህ እንዴ?" አልኩት። "ደክሞኛል" አለ። ይኸው፣ ደክሞት ነው።

ለልጄ ስነግራት አለቀሰች። "እሱ ነው እንቆይ ያለው?" አለችኝ። እሱ ነው አልኳት። ስልኩን አጥፍቼ ከአለቱ ወረድኩ።


ጥቅምት 11

በረዶ ጣለ። መሰላል ላይ ወጥቼ ሶላሮቹን በመጥረጊያ አጸዳሁ። ሾፌሩ በመስኮት ያየኛል፤ እንዳልወድቅ ነው የሚጠብቀኝ። ሁለት ሆነን ያለነው እኛ ብቻ ነን፤ ጫካው ዝም፣ ሐይቁ ዝም። ምድጃው ሞቅ ሲል፣ እሱ ሲያንቀላፋ፣ እኔ ካልሲ ስጠግን፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ ብዬ አሰብኩ። ሶፋ ላይ ተኝቼ ረቡዕን ስጠብቅ ራሴን ሳየው ያንገሸግሸኛል።


ጥቅምት 13

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ የዳመና ዘር የለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ፀሐይዋ ዝቅ ብላም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ሶላሮቹ ላይ ናት። ግድግዳው ላይ ባትሪው የያዘውን የምታሳየው ትንሽ ስክሪን ግን ጠዋት ግማሽ ነበረች፣ አሁን ከግማሽ በታች ናት። ፀሐይ ወጥታ እንዴት ይወርዳል?

"ባትሪው…" አለ ሾፌሩ።

"አርጅቷል" አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ።

"እሺ፣ ሶላሮቹ ናቸው። ጎራዳው ያረጀ ዕቃ ጥሎብን ሄደ። ጄኔሬተሩንም ጫጫታ አልወድም ብሎ ሸጦታል። ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ሾፌሩ ዓይኑን ጨፈነ። የጓደኛው ስም ሲነሳ አይወድም።


ጥቅምት 16

ፀሐይ። ብርድ። ቁጥሩ ወረደ።

መብራት አጥፍተናል፣ በሻማ ነን። ማሽኑን አንድ ደረጃ ዝቅ አደረግሁት። ጥፍሮቹን አየሁ፤ መልካቸው አላማረኝም። ሻማው ይሆናል።

"ይበቃሃል?" አልኩት። መለሰልኝ ወይስ እኔ መለስኩለት? አላስታውስም።


ጥቅምት 18



እንጨት ልፈልጥ ወጣሁ። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። የማሽኑ ቱቦ መሬት ላይ ወድቆ ለራሱ ይተነፍሳል። ጮኽኩ፤ ጫካ ውስጥ ማንን ነው የምጣራው? እንጨት ቤቱ ውስጥ፣ ባትሪው አጠገብ ተደፍቶ አገኘሁት። የራሱን ብርድ ልብስ ይዞ ሄዷል። ግማሹን ባትሪው ላይ ጣል አድርጎታል፤ ግማሹን ሲያለብሰው ነው ጉልበቱ የከዳው።

"ምን እያደረግክ ነው አንተ?"

"በርዶታል።"

"ማን?"

ከንፈሩ ጠቁሯል። በአገጩ ባትሪውን አሳየኝ። "እሱ።"

እንዴት እንዳስገባሁት እኔም አላውቅ። ሲሊንደሩን ከፍቼ፣ እግሩን አሽቼ፣ ያለኝን ልብስ ሁሉ ከመርኩበት። ኦክስጅን ሲያንስ አእምሮ ይዛባል ብሎን ነበር ሐኪሙ። ያ ጎበዝ ሾፌር፣ ስንቱን ገደል ስንቱን ኩርባ ያለፈ ሰው፣ ለብረት ብርድ ልብስ የሚያለብስ ሆነብኝ። ወንድ ልጅ ሲያብድ እንዲህ ነው ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሱ የኔን ለቅሶ እያየ እጁን ሊያነሳ ሞከረ፣ አቃተው።


ጥቅምት 19

አለቱ በረዶ ለብሶ ስለነበር በአራት እግሬ ነው የወጣሁት። ጎራዳው ላይ ልጮህበት ነበር የደወልኩት። "ሶላሮችህ አይሠሩም! ሰው ልትገድል ነው!" አልኩት።

"ፀሐይ አለ?"

"አለ።"

"ባትሪዋ የት ናት?"

"እንጨት ቤት።"

ቀልደኛው ሰው መቀለዱን ተወ። ከዚያ ቀስ ብሎ "ያ ዓይነት ባትሪ ብርድ ከመታው አይሞላም። ፀሐይ አናቱ ላይ ብትወጣ ራሱን ይዘጋል፣ አይቀበልም። ቤት ውስጥ ያስቀመጥኩት ለዚያ ነበር እኮ። ሾፌሩ አብሮኝ ነው የተከለው፣ ደህና አድርጎ ያውቃል። አልነገረሽም?" አለኝ።

አልነገረኝም አልኩት።

ቆይቼ አሰብኩት። ጮክ ብሎ ቢናገር ኖሮ እሰማው ነበር። "ባትሪው…" ብሎ መተው መናገር ነው? ሰው የጀመረውን ይጨርሳል። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምለው ይህንን ነበር። ለምን አይጨርስም?

ለምን አይጨርስም?

ባትሪውን መልሼ ቤት አስገባሁት። ወገቤ ተቆረጠ። ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ፣ የሾፌሩን ብርድ ልብስ አልብሼ ቁጭ አልኩ። ሙቀት እስኪገባው ነገ ይሆናል። ሾፌሩ ከአልጋው ሆኖ አየው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።


ጥቅምት 20

ባትሪው ሞቀ። ጉም ወረደ።


ጥቅምት 22

ጉም። ሐይቁ አይታይም፣ የጀልባ መቆሚያው አይታይም፣ ሶላሮቹ ላይ አመድ የመሰለ ብርሃን ብቻ ነው። ስክሪኗ ትንሽ ትወጣለች፣ ማሽኑ ወዲያው ይጨርሰዋል። ማሽኑ ሲቆም ሲሊንደሩን እከፍታለሁ፣ ሲሊንደሩን ስቆጥብ ማሽኑን እጠብቃለሁ። ልጄ ደውላ ያላስቸገረችው ቢሮ የለም። ሄሊኮፕተር በዚህ ጉም አይነሳም ብለዋታል።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቆጪ" አለችኝ። "አባዬ በርግጥ እንቆይ ብሎ ነበር?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ከመሄዳችሁ በፊት ለኔ ሌላ ነበር ያለኝ። ስለ ማረፊያው ነግሬው፣ እዚያ ብሄድ ሌሊት ሳልፈራ እተኛለሁ ብሎኝ ነበር።"

ስልኩ ተቋረጠ። እኔ ነኝ የዘጋሁት። የስልኬ ባትሪ አልቃ ነው ብዬ እነግራታለሁ።

ልጄ ቀድማ እንደነገረችኝ፣ ጀልበኛው በየጠዋቱ ማዶ ላይ በረዶውን በመጥረቢያ እየመታ ይለካል። ከትናንት ወፍሯል አሉ። ገና ነውም አሉ።


ጥቅምት 23

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጨልሟል። እሱ ተኝቷል። ጊዜ ሳላጠፋ ልጻፈው፣ ነገ አሳምሬ እንዳልቀይረው።

ሾርባ ላበላው አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማንኪያውን በእጁ ገፋ አደረገና "ቲቸር" አለኝ። "ዛሬ… እኔ ልጨርስ።"

እሺ አልኩ።

"የጀልባው ቀን…" አለና አየር ፈለገ። አፌ ሊከፈት መጣ። ምላሴን ነከስኩ። የምሬን ነው፣ ደም ቀመስኩ። ያ የደረቱ ፉጨት መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ የረዘመ ነገር ጠብቄ አላውቅም። "የጀልባው ቀን… እኔማ ልሂድ… ልል ነበር።"

"ለምን ኋላ አልነገርከኝም ታዲያ?"

"ጀልባው ሄዷላ።"

የሱ ነገር። ከዚያ ደግሞ ብዙ አረፈ። ሐይቁን አልወደውም አለኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህ ሁሉ ውሃና ዝምታ ያስፈራው ነበር፤ ደስ ይላል ያለው እኔን ደስ እንዲለኝ ነው። ከዚያ፣ ቃል በቃል እንዳለው፣ "አየር አጥቼ… መሞት… እፈራለሁ… ቲቸር" አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ሾፌሬ ሲያለቅስ ያየሁት እናቱ የሞተች ጊዜ ብቻ ነው።

"ሊለያዩን እኮ ነው" አልኩት። በመጨረሻ ወጣልኝ። "አንተን እዚያ፣ እኔን ሶፋ ላይ።"

"አውቃለሁ።"

"እና?"

"እና… ትመጪ ነበራ።"

ያ ብቻ ነው ያለኝ። ትመጪ ነበራ። እኔ ከዓለም መጨረሻ ጋር አንድ ያደረግሁትን ነገር እሱ በሁለት ቃል ጨረሰው። ይቅር በለኝ አልኩት። አልሰማኝም፣ ተኝቶ ነበር፣ ወይም የተኛ መስሎ ነበር።

አሁን ማሽኑ ቆመ። ልነሳ።


ጥቅምት 25

ቀዝቅዟል። ከንፈሩ። ሲሊንደሩ ሊያልቅ ነው። አምላኬ፣ እሱን ብቻ። ስለኔ ግድ የለም።


ጥቅምት 26

ጠዋት ሞተር ሰማሁ። ጆሮዬ ነው ብዬ ተውኩት። ደግሞ ሰማሁ።

ጀልበኛው ከጉሙ ውስጥ በበረዶ ሞተሩ ወጣ፤ ከኋላው ተጎታች አስሯል፣ ተጎታቹ ላይ ትልቅ ሲሊንደርና የበግ ቆዳ አለ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፤ አንድ ቦታ በረዶው ከድቶት ነበር። ምንም አላወራም፣ ሾፌሩን ሲያየው ብቻ "ፋዘር፣ አለሁ" አለው። ሁለት ሆነን ጠቀለልነው። ሲሊንደሩን ስንከፍትለት ፊቱ ላይ ቀለም መጣ፣ ዓይኑን ገለጠ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ዓሣ ጭኖ የሚኖር ሰው ያልኩት ይኸው ሰው ነው።

"ማዘር፣ በረዶው ገና ስስ ነው" አለኝ። "ሁለት ሰው መጫን አልደፍርም። እሱን አድርሼ፣ ሲጠና ተመልሼ እወስድሻለሁ።"

"ጫፉ ላይ እቀመጣለሁ። ክብደት የለኝም።"

"ማዘር።"

ሾፌሩ እጁን ከቆዳው ውስጥ አወጣ። ሊናገር ነው። ሁለታችንም ጠበቅነው። እኔም ጠበቅሁት፤ ከአፌ አንዲት ቃል አልወጣችም። ጉሙ ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር።

"እሷ ትቆይ" አለ። አየር ሳበ። "ቦታውን… የምትወደው… እሷ ናት።"

ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት እይዘው ነበር፣ እመልስለት ነበር። ፌርማታ ላይ ሰው ሲያወርድ የሚናገርበት ድምፅ ነበር። ከዚያ ጭንቅላቱን መልሶ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጀልበኛውም ቀስ ብሎ አስነሳ።

ዞሮ ያየኛል ብዬ ቆሜ ነበር። ታስሮ ተኝቶ እንዴት ይዞራል? አይችልም እኮ።


ጥቅምት 28

ልጄ ናት ያነሳችው። ደርሷል። ማረፊያ ቤት ገብቷል፣ ክፍሉን ጠብቀውለት ኖሯል። ኦክስጅኑ ከግድግዳው ይመጣል። ሾርባ በልቷል። ሌሊቱን አንዴም ሳይነቃ አድሯል ብላ ነርሷ ነግራታለች።

"አቅርቢልኝ" አልኳት።

"ተኝቷል እማዬ።"

ከኋላዋ ድምፁን ሰማሁት። ስለ አንድ መንገድ ለሆነ ሰው ያወራ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ጀምሮ ጨረሰው።

"እሺ፣ ይተኛ" አልኩ።


ኅዳር 1

ፀሐይ ወጣች። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ ዓይን ያሳውራል። ባትሪው ቤት ውስጥ ነው፣ ጠዋት መሙላት ጀመረ፣ ከሰዓት በፊት ጢም አለ። መብራቱን ሁሉ ማብራት እችላለሁ፣ ሬዲዮ መክፈት እችላለሁ፣ ማሽኑን ቀንና ሌሊት ማስጮህ እችላለሁ።

የምፈልገውን አገኘሁ መሰለኝ። ሐይቁም የኔ ነው፣ ቤቱም የኔ ነው፣ ማንም ረቡዕና እሁድ አይለኝም። ከሱ ጋር ለመሆን ብዬ ነበር። በእግዚአብሔር ስም፣ ከሱ ጋር ለመሆን ብቻ ብዬ ነበር። ይህን ለማን ነው የምምለው?


ኅዳር 4

እንጨት አልፈለጥኩም። ወለሉ ላይ የሱ አንድ እግር ካልሲ አገኘሁ። የጠገንኩት ነው። ለብሼው ዋልኩ።

ጎራዳው ደወለ፤ አለቱ ላይ ስልኬን ከፍቼ ብቀመጥ እሱ ሆነ። ሊያስቀኝ ሞከረ፤ "ባትሪዋን እሹሩሩ እያልሽ ነው አሉ" አለኝ። ሊስቅ ጀምሮ ተወው። "ይረሳዋል፣ ሆዱ ቂም አይዝም" አለኝ። ሆዱ ቂም እንደማይዝ እኔ ነኝ ከሱ የምሰማው? ቂም ሳይይዝ ነው የሄደው። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።


ኅዳር 7

ጀልበኛው መጥቷል። ምድጃው አጠገብ ሻይ እየጠጣ ነው፤ እኔ "አንድ ነገር ልጻፍና" ብዬው ይህን እጽፋለሁ። ሐይቁ አሁን ሁለት ሰው ቀርቶ በሬ ይሸከማል አለ።

"እሱ ነው የላከህ?" አልኩት።

"ልጅሽ ናት።"

"እሱን ግን አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ። ደህና ነው። ተላጭቷል።"

"አምጣት አላለህም?"

መዋሸት የማይችል ሰው ነው። ብርጭቆውን በመዳፉ መካከል አሽከረከረው። "አላለኝም ማዘር።"

"አታምጣት ብሎሃል?"

አሰበ። የምሩን አሰበበት፤ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያስታውስ ይታያል። እኔም ዝም ብዬ፣ አንድም ቃል ሳልሞላለት ጠበቅሁት።

"እሱንም አላለኝም" አለ።

ሻዩን እስኪጨርስ ጫማዬን ላድርግ።